ፕሮሰሰራችሁ ሜሞሪ ሲጠብቅ እንዳይውል፦ የሜሞሪ መዘግየትን ደረጃ በደረጃ መቀነስ

ባለ አምስት ደረጃ ሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር ጽፎ በሲሙሌሽን ማስኬድ ለምህንድስና ተማሪ የማይደረስበት ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ጣጣው የሚጀምረው ሜሞሪው የእውነት ሲሆን ነው። በሲሙሌሽን በአንድ ሳይክል መልስ ያገኝ የነበረ ዲዛይን፣ ሰሌዳ ላይ ካለ ውጫዊ ሜሞሪ ጋር ሲገጥም ግማሽ ጊዜውን ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ይብሳል።

ይህ መመሪያ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ሆኖ በአንድ ላፕቶፕና በአንዲት አነስተኛ የኤፍፒጂኤ (ውስጡ በፕሮግራም የሚቀረጽ ቺፕ) ሰሌዳ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለሚሠራ ሰው ነው። ለምሳሌ የያዝነው ታንግ ናኖ 9ኬን ነው፤ 8640 ሉት (ትናንሽ የሎጂክ ሠንጠረዦች)፣ እያንዳንዳቸው 18 ኪሎቢት የሚይዙ 26 የውስጥ ራም ብሎኮች እና 8 ሜጋባይት ፒኤስራም (ዋናው ሜሞሪ) አላት። ሌላ ሰሌዳ ያለው ቁጥሮቹን ይቀይር እንጂ ቅደም ተከተሉን አይቀይር።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ

ፕሮሰሰሩ ዘገየ ሲባል ሁሉም ሰው ቶሎ የሚያስበው ካሹን (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነውን ትንሽና ፈጣን የዳታ ማቆያ) ማሳደግ ነው። ብዙ ጊዜ ወጪው ትልቅ፣ ትርፉ ትንሽ ይሆናል። መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን ይህ ስሌት ነው፦

አማካይ የሜሞሪ ጊዜ = የሂት ጊዜ + (የሚስ ድርሻ × የሚስ ቅጣት)

ሂት ማለት የተፈለገው ዳታ ካሽ ውስጥ ሲገኝ ነው፤ ሚስ ሲታጣ። ቅጣቱ ደግሞ ከውጭ እስኪመጣ የሚባክነው ሳይክል ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚጎዳችሁ በግምት አይታወቅም፤ ስለዚህ ካሹን ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን ቆጣሪዎች ዲዛይኑ ውስጥ ጨምሩ፦

- ጠቅላላ ሳይክልና የተጠናቀቁ ትእዛዞች (ሪስክ-ፋይቭ ለሁለቱም ኤምሳይክልና ኤምኢንስትሬት የሚባሉ ሬጅስተሮች አሉት)
- በሎድ-ዩዝ (ከሜሞሪ የተነበበውን ዳታ ቀጣዩ ትእዛዝ ወዲያው ሲፈልገው) የጠፋ ሳይክል
- የትእዛዝ ካሽ ሚስ ብዛት፣ በእሱም የጠፋ ሳይክል
- የዳታ ካሽ ሚስ ብዛት፣ በእሱም የጠፋ ሳይክል
- የስቶር ቋት (የሚጻፍ ዳታ ተራ የሚጠብቅበት፣ ክፍል 6) ሞልቶ የጠፋ ሳይክል
- በብራንች (ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዘል) ምክንያት የተጣለ ሳይክል

አንድ የባከነ ሳይክል ለአንድ ቆጣሪ ብቻ ይመዝገብ። ሁለት ምክንያቶች ከተገናኙ ቅድሚያ የሚሰጠውን አስቀድማችሁ ወስኑ። የተጠናቀቁ ትእዛዞችና የባከኑ ሳይክሎች ተደምረው ከጠቅላላው ሳይክል ጋር መግጠም አለባቸው (ትእዛዞቹ የሚያልፉባቸው ደረጃዎች፣ ማለትም ፓይፕላይኑ፣ መጀመሪያ እስኪሞላ ያሉት ጥቂት ሳይክሎች ሲቀሩ)። ካልገጠመ አንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፣ ወይም የማታውቁት መቆሚያ አለ።

አሁን በምሳሌ እንየው። ከትእዛዞቹ 30 በመቶው ሎድና ስቶር ነው እንበል፤ የዳታ ሚስ 5 በመቶ፣ የትእዛዝ ሚስ 1 በመቶ፣ ቅጣቱ 40 ሳይክል። ለአንድ ትእዛዝ በዳታ የሚባክነው 0.3 × 0.05 × 40 = 0.6 ሳይክል ነው። በትእዛዝ ካሽ በኩል 0.01 × 40 = 0.4 ይጨመራል። መጠበቅ ባይኖር 1 ሳይክል ይበቃ የነበረው ትእዛዝ 2 ሳይክል ፈጀ ማለት ነው። የዳታ ካሹን እጥፍ አድርጋችሁ ሚሱን ወደ 4 በመቶ ብታወርዱት 1.88 ይሆናል፤ 6 በመቶ ገደማ ትርፍ። ካሹን ሳትነኩ ቅጣቱን ከ40 ወደ 25 ብታወርዱት ግን 1.625 ይሆናል፤ 23 በመቶ። ይባስ ብሎ፣ ካሹ ሲያድግ የሲግናሉ መንገድ ረዝሞ ክሎኩ ከ54 ወደ 50 ሜጋኸርትዝ ቢወርድ ያቺ 6 በመቶ ተበልታ ፕሮሰሰሩ ከበፊቱ ይዘገያል። በትንሽ ዲዛይን ላይ አብዛኛው ትርፍ ያለው ቅጣቱ ጋ ነው።

2. ሲሙሌሽኑ እውነቱን ይናገር

ቬሪሌተር የሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ በኡቡንቱ ጥቅል ማከማቻ ውስጥ ስላለ አንዴ በፍላሽ ከተያዘ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሜሞሪ ሞዴላችሁ ግን በአንድ ሳይክል የሚመልስ አይሁን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምበት፦ የመጀመሪያው ቃል (32 ቢት) ከ24 ሳይክል በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ በየ2 ሳይክሉ አንድ ቃል ይከተላል። ባለ 8 ቃል የካሽ መስመር (በአንድ ጊዜ ወደ ካሹ የሚገባው ቁራጭ) 24 + 14 = 38 ሳይክል ይፈጃል፤ ታጉን (መስመሩ የየትኛው አድራሻ እንደሆነ የሚለየውን ቁጥር) ጽፎ ፓይፕላይኑን ለማስነሳት 2 ሲጨመር 40። ሁሉም ነገር መሥራቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር በዘፈቀደ ከ20 እስከ 60 እያለዋወጣችሁ ድገሙት። ቋሚ መዘግየት የደበቃቸው ስህተቶች የሚወጡት ያኔ ነው።

የሲሙሌሽን ሳይክል ከላፕቶፑ ፍጥነት ጋር ግንኙነት የለውም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ላፕቶፑን ቢያዘገየውም በደብረ ብርሃን ብርድ ከተሠራው ጋር የሳይክሉ ቁጥር አንድ ነው፤ የሚለየው የምትጠብቁት ሰዓት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የሌሊት ሙሉ ሩጫ እንዳይጠፋባችሁ ሞዴሉን በቬሪሌተር ሴቨብል አማራጭ ገንቡትና ሁኔታውን በየተወሰነ ሚሊዮን ሳይክሉ ፋይል ላይ አስቀምጡ። የሲግናል ቅጂውን ከቪሲዲ ይልቅ በኤፍኤስቲ ፎርማት ያዙ፣ እሱንም ስህተቱ ባለበት አካባቢ ብቻ። ሙሉ ሩጫን በቪሲዲ መቅዳት ዲስኩን ይሞላል።

3. የሂት ጊዜ፦ ሎድ-ዩዝን አንድ ሳይክል ላይ ማቆም

የውስጥ ራም ብሎክ አድራሻውን የሚቀበለው በክሎክ ጠርዝ ነው፤ ዳታው የሚወጣው በሚቀጥለው ሳይክል። ስለዚህ አድራሻው ከኤክስኪዩት (ስሌቱ ከሚሠራበት) ደረጃ በቀጥታ ወደ ራሙ መግባት አለበት። በፓይፕላይን ሬጅስተር አልፎ ሜሞሪ ደረጃ ላይ ከተሰጠ ዳታው ራይትባክ (ውጤቱ ሬጅስተር ላይ የሚጻፍበት ደረጃ) ላይ ይደርስና ሎድ-ዩዝ ከ1 ወደ 2 ሳይክል ያድጋል። ይህን ስህተት የሠራ ዲዛይን ውጤቱ ትክክል ስለሆነ ማንም አይነቃበትም፤ የሚያጋልጠው ቆጣሪው ብቻ ነው።

አድራሻውን ከኤኤልዩው (ከስሌት ክፍሉ) መውጫ አትውሰዱ። እዚያ ያለው መልቲፕሌክሰር (ከብዙ ግብዓት አንዱን የሚመርጠው) መንገዱን ያረዝመዋል። ለአድራሻ ብቻ የሚሆን 32 ቢት መደመሪያ ለብቻው ሥሩ፤ የሚፈጀው ጥቂት ሉት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስቶል ላይ ነው። ፓይፕላይኑ ቆሞ ሳለ የራሙ የንባብ ማንቂያ ክፍት ከሆነ፣ ራሙ የሚቀጥለውን አድራሻ አንብቦ ያልተወሰደውን ዳታ ይደመስሳል። ምልክቱ የሚገርም ነው፦ ፕሮግራሙ ሚስ በሌለበት በደንብ ይሄዳል፣ ሚስ ሲኖር ደግሞ አንድ ሎድ የጎረቤቱን ዋጋ ይዞ ይመጣል። ፓይፕላይኑ ሲቆም ማንቂያውን ዝጉት።

ለመለካት ፕሮግራሙን በጂሲሲ ኦ2 ደረጃ አጠናቅሩ። ያለ ኦፕቲማይዜሽን እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በስታክ ስለሚመላለስ የሎድ-ዩዝ ቁጥሩ ይጋነናል፤ ኮምፓይለሩም በሎዱና በተጠቃሚው መካከል ሌላ ትእዛዝ አያስገባላችሁም።

4. የካሹ ቅርጽ

ለጅማሬ 4 ኪሎባይት፣ ባለ 2 ዌይ (በእያንዳንዱ ሴት፣ ማለትም የቦታ ቡድን፣ ሁለት መስመር)፣ 32 ባይት መስመር ጥሩ ነው። 4096 ለ (32 × 2) ሲካፈል 64 ሴት ይሰጣል። ከአድራሻው የታችኞቹ 5 ቢቶች በመስመሩ ውስጥ ያለውን ባይት፣ ቀጣዮቹ 6 ሴቱን ይመርጣሉ። ቀሪው 21 ቢት ታግ ነው ይባላል፤ 8 ሜጋባይትን ለማዳረስ ግን 23 ቢት አድራሻ ይበቃል፣ ስለዚህ ታጉ 12 ቢት ብቻ ይሁን። ማወዳደሪያው ያጥራል፣ ክሎኩም ይተነፍሳል። ጥንቃቄው፦ የዩኣርት (የተከታታይ መገናኛ ወደብ) እና የሌሎች መሣሪያዎች አድራሻ ከካሹ በፊት ተለይቶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የላይኛው ቢት ስለተቆረጠ ከሜሞሪ አድራሻ ጋር ይምታታል።

አንድ ዌይ 2 ኪሎባይት ነው፤ 512 ቃል በ32 ቢት፣ ማለትም ልክ አንድ የራም ብሎክ። ሁለቱን ዌይ በአንድ ጊዜ አንብቡና ታጉ ሲገጥም ምረጡ።

መስመሩ ለምን 32 ባይት ሆነ? መንዝ ውስጥ ወፍጮ ቤት የራቀበት ሰው አንድ ቁና ገብስ ይዞ አይሄድም፤ ድካሙ መንገዱ ነውና። እዚህም 24ቱ ሳይክል መንገድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቃል በ2 ሳይክል ይመጣል። 64 ባይት ማድረግ ግን በ4 ኪሎባይት ካሽ ውስጥ የመስመሮቹን ቁጥር ከ128 ወደ 64 ያወርዳል፣ መሙያውም እስከ 54 ሳይክል ይረዝማል። ትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች 64 ባይት ስለሚጠቀሙ ብቻ አትከተሏቸው፤ እነሱ ያላቸው ካሽ ሌላ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያለቅስበትን ጉዳይ በቅርብ እንየው። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ድርድሮች አሉ፤ ፕሮግራሙ ሀን ከለ ደምሮ ሐ ላይ ይጽፋል። የእያንዳንዳቸው መነሻ አድራሻ በ2048 ብዜት ይራራቃል እንበል፤ መጠናቸው ራሱ የ2048 ብዜት ሲሆን ይህ በራሱ ይመጣል። 2048 የአንድ ዌይ መጠን ስለሆነ የሦስቱም ተመሳሳይ ተራ ቁጥር አንድ ሴት ላይ ይወድቃል፤ ቦታው ደግሞ ሁለት ነው። ሀ ገባ፣ ለ ገባ፣ ሐ ሲመጣ ከቆየው ሀ ይወጣል። ቀጥሎ ሀ ሲፈለግ የለም፤ ገብቶ ለን ያስወጣል። ለ ገብቶ ሐን። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት ሚስ ይሆናል፣ መቶ በመቶ፤ ካሹ ግን ከ128 መስመሮቹ 122ቱ በዚያ ሰዓት ያለ ሥራ ናቸው፣ ሴቱን ከነጎረቤቶቹ ብትቆጥሩት እንኳ። መፍትሔው አንድ ሳንቲም አያስወጣም፦ ለን በ32፣ ሐን በ64 ባይት ግፉት። ሦስቱ ሦስት ሴት ላይ ያርፋሉ፣ ሚሱም በየ8 ቃሉ አንድ ጊዜ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ይሆናል። ፕሮግራሙን መንካት ካልቻላችሁ ከካሹ ጎን 4 መስመር የሚይዝ የቪክቲም ካሽ አኑሩ። ኖርማን ጁፒ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ይህ ዘዴ የተባረረውን መስመር ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል፤ ለዚህ ዓይነት ግጭት ካሹን እጥፍ ከማድረግ ይሻላል።

5. ቅጣቱን መቁረጥ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ስምንቱም እስኪመጡ ለምን ይቆማል? ሜሞሪውን ከተፈለገው ቃል አስጀምሩት፦ ቃላቱ ከ0 እስከ 7 ተቆጥረው ቁጥር 5 ከተፈለገ ቅደም ተከተሉ 5፣ 6፣ 7፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሆናል (ኤኤክስአይ በሚባለው ባስ፣ ማለትም የሜሞሪ መገናኛ፣ ላይ ይህ ራፕ በርስት ይባላል)። የመጀመሪያው ቃል በ24ኛው ሳይክል ሲደርስ ወዲያው ለፓይፕላይኑ ስጡና ልቀቁት። ቅጣቱ ከ40 ወደ 25 የወረደው በዚህ ነው። ቀሪዎቹ ቃላት ከኋላ እየገቡ ስለሆነ ሌላ ሚስ ወዲያው ከተከተለ ሙሉው ትርፍ አይገኝም፤ ቢሆንም ከድካሙ ጋር ሲተያይ እንዲህ የሚክስ ለውጥ የለም።

የሚበላሸው ይህ ነው፦ ፓይፕላይኑ ተነሥቶ ከዚያው መስመር ገና ያልደረሰ ቃል ሲጠይቅ፣ ታጉ ስለገጠመ ካሹ የድሮውን ዳታ "አለ" ብሎ ይሰጣል። ለሚሞላው መስመር ለእያንዳንዱ ቃል አንድ፣ በድምሩ 8 የመድረሻ ቢቶች ያዙ፤ ቢቱ ካልበራ ይጠብቅ።

ቀጥሎ የቆሸሸውን መስመር ተመልከቱ። አዲስ መስመር ሊገባ የሚወጣው መስመር ተለውጦ ከሆነ ወደ ሜሞሪ መመለስ አለበት። በተለምዶ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይነበባል፤ ያኔ ቅጣቱ ሊታጠፍ ይቃረባል። አንድ መስመር የሚይዝ ማቆያ ሥሩ፤ የሚወጣው እዚያ ይግባ፣ ንባቡ ይቅደም፣ ጽሕፈቱ ባሱ ሲያርፍ ይሁን። ማቆያው ውስጥ ያለው መስመር ተመልሶ ሊፈለግ ስለሚችል እያንዳንዱ ሚስ አድራሻውን ከማቆያው ጋር ያስተያይ።

የሜሞሪውን ቺፕ ቅንብርም እዩ። ሃይፐርራም ዓይነት ሜሞሪ ሲነሣ በቋሚ መዘግየት ስልት ላይ ነው፤ ሪፍሬሽ (የሜሞሪው ዳታ መታደስ) ባይጋጭም ሁልጊዜ ረጅሙን ጊዜ ያስጠብቃል። በማዋቀሪያ ሬጅስተሩ ወደ ተለዋዋጭ መዘግየት ቀይሩትና ረጅሙን የሚጠብቀው ግጭት ሲኖር ብቻ ይሁን። መቆጣጠሪያችሁ ግን ቺፑ በአርደብሊውዲኤስ መስመር የሚሰጠውን ምልክት ማንበብ አለበት፤ ሳያነብ ከተቀየረ አልፎ አልፎ የተበላሸ ዳታ ያመጣል።

ዲዲአር ያለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የረድፍ ጉዳይ አለበት። በዲዲአር4-3200 ሲኤል22 ላይ ረድፉ ክፍት ከሆነ ንባቡ 13.75 ናኖሰከንድ ነው፤ ረድፍ መክፈት ካለበት 27.5፤ ሌላ ረድፍ ዘግቶ መክፈት ካለበት 41.25። ከካሹ የሚወጣውና የሚገባው መስመር ሴታቸው አንድ ስለሆነ፣ የባንክ (የሜሞሪው ክፍል) ቢቶቹ ከሴቱ ቢቶች ውስጥ ከተወሰዱ ሁለቱ አንድ ባንክ ላይ በተለያየ ረድፍ ይወድቃሉ፤ ሁልጊዜ የከፋው ይደርሳችኋል። የባንኩን ቢቶች ከታግ ዝቅተኛ ቢቶች ጋር በኤክስኦር ቀላቅሉ። ጥቂት ጌት ነው።

6. ስቶር አያስቁም

የሚጽፍ ትእዛዝ ውጤት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ፓይፕላይኑን የሚያስቆምበት ምክንያት የለም። አድራሻ፣ ዳታና የባይት ማስክ የሚይዝ ባለ 4 ቦታ ቋት በፓይፕላይኑና በካሹ መካከል አስገቡ። ሎድ ሲመጣ ቋቱን ይፈትሽ፤ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ካለ ከዚያ ይውሰድ። አንድ ባይት ተጽፎ ሙሉ ቃል ሲነበብ ግን ከፊሉ ቋት ውስጥ፣ ከፊሉ ካሽ ውስጥ ነው፤ ለማቀላቀል አትድከሙ፣ ቋቱ እስኪፈስ አስቁሙት። እምብዛም አይገጥምም።

ፌንስ የሚለው (የሜሞሪ ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ) ትእዛዝ ቋቱን ማፍሰስ አለበት። የመሣሪያ አድራሻ ላይ የሚደረግ ንባብም ቋቱ ሳይፈስ አይለፍ፤ ዩኣርት ላይ ፊደል ሲዘል ወይም ሲደገም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

7. በሚስ ጊዜ መሥራት

ሎዱ ሚስ ሲሆን ሳይሆን፣ ውጤቱ ሲፈለግ መቆም ይሻላል። ዴቪድ ክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳየው መንገድ ነው፦ ያልተመለሰውን ጥያቄ የሚይዝ ኤምኤስኤችአር የሚባል መዝገብ ይኖራል፤ የመስመሩን አድራሻ፣ የመድረሻ ሬጅስተሩንና የቃሉን ቁጥር ይይዛል። ለአንድ ትንሽ ፕሮሰሰር ከአንድ ጀምሩ፤ 2 ማድረግ የሚጠቅመው ሜሞሪው ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚቀበል ከሆነ ነው። ወደዚያው መስመር የሚሄድ ሁለተኛ ሚስ አዲስ ጥያቄ አይላክለት፤ ከመጀመሪያው ጋር ይጠበቅ።

ለ32ቱ ሬጅስተሮች 32 ቢት "በመንገድ ላይ ነው" የሚል መዝገብ ያዙ። ይህን መዝገብ ለንባብ ብቻ መፈተሽ የተለመደ ስህተት ነው። ሎዱ 10ኛውን ሬጅስተር እየጠበቀ ሳለ ሌላ ትእዛዝ ያንኑ ሬጅስተር ቢጽፍ፣ የዘገየው ዳታ ከኋላ መጥቶ አዲሱን ይደመስሰዋል። ለመጻፍም ይፈተሽ።

8. ፕሪፌች በመጨረሻ

ፕሪፌችን (ዳታን ሳይጠየቅ ቀድሞ ማምጣትን) መጀመሪያ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ክፍል 5 ሳይሠራ ግን ባሱ ስለሚጨናነቅ ይጎዳል። ለትእዛዝ ካሽ የሚቀጥለውን መስመር ማምጣት በቂ ነው። ለዳታ፣ በሎዱ ፒሲ (በራሱ በትእዛዙ) አድራሻ የሚመዘገብ 16 ቦታ ያለው የርቀት ሠንጠረዥ ሥሩ፤ አንድ ዓይነት ርቀት ሁለት ጊዜ ከታየ አምጡ። ምን ያህል ቀድሞ? ቅጣቱ 40፣ የሉፑ አንድ ዙር 10 ሳይክል ከሆነ 4 ዙር። ከዚያ ያነሰ አይደርስም፤ የበዛው ሳይነበብ ከካሹ ይባረራል። ምንጊዜም የፕሮሰሰሩ ጥያቄ ከፕሪፌች ይቅደም። ከመጡት መስመሮች ስንቱ ጥቅም ላይ እንደዋለ ቁጠሩ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ለዚያ ፕሮግራም ማጥፋቱ ይሻላል።

9. ማረጋገጫ

በዘፈቀደ ቅደም ተከተል የተሳሰረ ሰንሰለት አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ ኖድ 32 ባይት፣ ውስጡ የቀጣዩ አድራሻ። ቅደም ተከተሉ ዘፈቀደ የሚሆነው ፕሪፌቹ እንዳይሸፍነው ነው። ጠቅላላ መጠኑን ከ1 እስከ 64 ኪሎባይት እጥፍ እያደረጋችሁ ለአንድ እርምጃ የሚፈጀውን ሳይክል መዝግቡ። የመጀመሪያውን ዙር አትቁጠሩት፤ ካሹ ባዶ ነው።

እስከ 4 ኪሎባይት 2 ሳይክል፣ አንዱ ለሎዱ አንዱ ለሎድ-ዩዝ፣ መታየት አለበት። 3 ከታየ ክፍል 3 ላይ አድራሻው ዘግይቶ እየተሰጠ ነው። ከ4 ኪሎባይት በኋላ ሽቅብ ይወጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ሚስ ስለሆነና የፊተኛው መስመር ገና እየሞላ ስለሚያዝ፣ ባሱ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚይዝ ከሆነ 40 አካባቢ ቢቆም አትደንግጡ። 70ን ካለፈ የቆሸሸ መስመር ሳይኖር መልሶ እየጻፈ ነው፤ ዱርቲ ቢቱን (መስመሩ መለወጡን የሚናገረውን) እዩ። የሳይክሉ ቁጥር በ4 ፈንታ በ2 ኪሎባይት ላይ ከወጣ ደግሞ አንዱ ዌይ ሞቷል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የመተኪያው ቢት ፈጽሞ ሳይታደስ ቀርቶ ወይም የሁለተኛው ዌይ ጽሕፈት ማንቂያ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ ነው።